የኋላው ወንበር

ሰኞ

ዛሬ ጠዋት ዋናው ሰበሰበን። ድርጅቱን ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ያነሳው እሱ ስለሆነ ሁላችንም ዋናው ነው የምንለው። አዲሷ የስፖርት መኪና ክረምቱ ሳይወጣ ለገበያ ትቀርባለች አለን። ከዚያ በፊት ዋጋዋ ተገምቶ ጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል። ይህን ሲል ዓይኑ ወደ እኔ የመጣ መሰለኝ። አልፎኝ ሄዶ ሽቅርቅሩ ላይ አረፈ።

ሽቅርቅሩ የምለው የታናሽ እህቴን ባል ነው። ስሙን ያወጣችለት የሽያጭ ክፍሏ ልጅ ናት፤ የሸሚዙን አንገትና የጫማውን ውልውል አይታ። እኔ በዚህ ደብተር ላይ ካልሆነ በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም።

"ግምቱን እኔ ራሴ እይዘዋለሁ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺ የተፎካካሪዎቹን ዋጋ ሰብስቢልኝ።"

ሰብስቢልኝ። መኪና ከመወልወልና ቁልፍ ከማቀበል፣ ከሽያጭ አዳራሹ አንስቼ አጠገቤ ወንበር የሰጠሁት እኔ ነኝ። የፋብሪካውን፣ የመርከቡን፣ የመድኑን፣ የቀረጡን፣ የትርፉን እያልኩ ደረጃ በደረጃ ያስቆጠርኩት እኔ። "ዋጋ ማለት ገዢው በልቡ ይዞት የሚመጣው ቁጥር ነው፤ የአንተ ሥራ ሳይነግርህ መስማት ነው" ያልኩት እኔ። ያኔ እርስዎ ነበር የሚለኝ። ለእኔ ይሰጣል ተብሎ የተወራለትን የኃላፊነት ቦታ በወሰደ ማግስት አንቺ አለኝ። ቤት ሲመጣ ተመልሼ እርስዎ እሆናለሁ። ታላቅ እህትነቴን ቢሮው በር ላይ እንደ ጃንጥላ አራግፎ ነው የሚገባው።

እሺ አልኩት። ፈገግም አልኩለት። ይሰበሰብልሃል።

ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት

ቸኩያለሁ። መኪናዋ መጣች። ለናሙና አንዷ ብቻ። መጋዘን ውስጥ በሸራ ተሸፍና አደረች፣ ዛሬ ገለጧት። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል። ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል። እኔ የኋላ በር ፈለግኩ፤ የላትም። የፊቱን ወንበር አጥፌ ገባሁ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ፣ አንገቴ ጣሪያውን ነካ። የመጋዘኑ ጠባቂ ሳቀብኝ።

"እዚያ ማን ይቀመጣል?" አለኝ።

"ቦርሳ" አልኩት።

ከፋብሪካ የመጣው ወረቀት ግን አራት ሰው ትይዛለች ይላል። ሽቅርቅሩ መሪውን ይዞ ፎቶ ሲነሳ ነበር። አንዴም ወደ ኋላ አልዞረም።

ቅዳሜ

ምሳ እህቴ ቤት በላን፣ እኔና እናቴ። ድርጅቱ ለኃላፊ የሚሰጠው ቤት ነው፣ ግቢ ያለው፣ ሦስት መኝታ። ስገባ ሁልጊዜ የትኛው ክፍል የእኔ ይሆን እንደነበር ሳላስብ አላልፍም። ሞኝነት ነው፤ ግን አስባለሁ።

እህቴ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ስትቀመጥም ስትነሳም ወገቧን ትይዛለች። "እታለም፣ ነይማ፣ እጅሽን አምጪ፣ እየረገጠች ነው" አለችኝ። ሴት ናት ብላ ቆርጣለች። እጄ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ተውኩት። አባታችን ሲሞት እሷ ገና ጫማዋን ማሰር አትችልም ነበር። ትምህርት ቤት ያደረስኳት፣ ፀጉሯን የሠራሁላት፣ ያስመረቅኳት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ልቆጥርባት አይደለም። እንዲያው ነው የምጽፈው።

ሽቅርቅሩ ብዙ አልበላም። "ይቺ መኪና እንቅልፍ ነሳችኝ" አለ። እናቴ ወዲያው፣ "ልጄ፣ ብላ እንጂ፣ ከሳህብኝ እኮ" አለችው። እኔ አንድ ቤት ውስጥ አብሬያት እኖራለሁ፤ ከሳሽ ብላኝ አታውቅም። በእርግጥ አልከሳሁም።

ከምሳ በኋላ ጨዋታ መጣ። እናቴ እሱ መጀመሪያ ቤታችን የመጣበትን ቀን ታወራለች። "ይቺ ደግሞ" አለች እኔን እያሳየች፣ "ያን ሰሞን ቤቱን ስትገለብጥ፣ መጋረጃ ስትቀይር፣ እኔ ደግሞ ለካ…" ብላ አቆመች። እህቴ ሳህን ማንሳት ጀመረች። እሱ ስልኩን አየ።

መጋረጃውን የቀየርኩት ስላረጀ ነው።

ውሃ ልጠጣ ብዬ ስነሳ እናቴ ወጥ ቤት ሆና ለእህቴ ስትላት ሰማሁ። "እሷ ምን ጎደላት? አንድ ራሷ ናት፣ የራሷን ገቢ ይዛ ትኖራለች።" እህቴ፣ "እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ትሰማለች" አለቻት።

ሰማሁ። ውሃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

ማክሰኞ

ዛሬ ትራንዚተሩ መጣ። መኪኖቻችንን ከጉምሩክ የሚያስወጣልን ሽማግሌ ነው፤ ያስላል፣ ክብሪት እንጨት ያኝካል፣ ወሬ ከጀመረ አያቆምም። ሽቅርቅሩ ስብሰባ ላይ ስለነበር እኔ ዘንድ ተቀመጠ። ቢኖርም እኔ ዘንድ ነበር የሚቀመጠው።

"የኔ እመቤት፣ ያቺን ቀይ መኪናችሁን ስንት ሰው ብላችሁ ነው የገመታችኋት?" አለኝ።

"ወረቀቷ አራት ይላል።"

ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ሌላ አስመጪ ልክ እንደሷ ያለች መኪና ሰሞኑን አስገብቶ ነበር አለኝ። መርማሪዎቹ ወረቀቱን ሳያምኑ አንዱን ወፍራም ባልደረባቸውን ከኋላ አስገቡት። መግባቱንስ ገባ፤ መውጣት ግን አልቻለም፣ ሁለት እግሩን ይዘው ጎትተው አወጡት። ከዚያ በኋላ ተወሰነ። የኋላው ወንበር ለሰው አይሆንም፣ መኪናዋ የሁለት ሰው ናት። የሁለት ሰው ከሆነች ደግሞ ቅንጦት ናት። የቅንጦት ቀረጥ እጥፍ ነው።

"ውሳኔው ገና በጽሑፍ አልወጣም፣ ግን ከእንግዲህ የምትገባውን ሁሉ በዚሁ ነው የሚያስተናግዱት" አለኝ። "ለአለቃሽ ንገሪው፣ ግምቱን ሳይጨርስ።"

"እነግረዋለሁ።"

እሱ ሲወጣ ሂሳቡን ሠራሁት። በአራት ሰው ከሄደ አንዷ በስድስት ሚሊዮን ተሸጣ ጥሩ ታተርፋለች። በሁለት ሰው ከሆነ ግን ከስምንት በታች የተሸጠች እያንዳንዷ መኪና ከድርጅቱ ኪስ ታወጣለች። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ አውጥቼ ቀደድኩት።

ረቡዕ

አልነገርኩትም። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበር። ነገ።

ሐሙስ

ልነግረው ተነስቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። የዋናው ቢሮ በር ገርበብ ብሏል፣ ሽቅርቅሩ እያስረዳው ነው። "ዋጋ ማለት" ሲል ሰማሁ፣ "ገዢው በልቡ ይዞት የሚመጣው ቁጥር ነው።"

ዋናው ደስ አለው። "ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?"

ቆሜ ጠበቅኩ። ሽቅርቅሩ ሳቀና ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈ። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

እንግዲህ ይሳቅ። እኔም የምስቅበት ቀን አለኝ።

ሰኞ

ከተማው ሁሉ ገማች ሆኗል። ጋዜጦቹ የመኪናዋን ጥላ አውጥተው "ስንት ትሆን ይሆን?" ይላሉ። አንዱ ሰባት አለ፣ አንዱ ስምንት፣ አንዱ ደግሞ ዋጋዋን የሚጠይቅ ሰው የመግዛት አቅም የለውም ብሎ ተሳለቀ። በሬዲዮ አንድ የመኪና አዋቂ ነኝ ባይ የሞተሩን ድምፅ በአፉ እያሰማ ዋጋ ገመተ። ፀጉሬን የምታጥበኝ ልጅ ሳትቀር፣ "እናንተ ድርጅት አይደል? በጆሮዬ ንገሪኝ" አለችኝ። ቢሮ ውስጥ የሽያጭ ክፍሏ ልጅ የሁሉንም ግምት ሰብስባ ያሸነፈ ምሳ ይጋበዛል ብላለች።

"አንቺስ?" አለችኝ።

"እኔ አልገምትም።"

"አንቺ ሳትገምቺ ማን ሊገምት? ለነገሩ ሽቅርቅሩ ካሸነፈን ጉዳችን ነው፣ እስከ ዓመት ያወራዋል።"

ወደድኳት።

የተፎካካሪዎቹን ዋጋ ሰብስቤ አስረከብኩት። ንጹሕ ሥራ ነው። አንድም ቁጥር አላጣመምኩም፣ አንድም አልደበቅኩም። ማንም ሰው መጥቶ ዋሸሽ ሊለኝ አይችልም። የተጠየቅኩትን ሰጥቻለሁ።

ዓርብ፣ ምሽት

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጽፈው እፈልጋለሁ።

ሠራተኛው ወጥቶ እኔ ጠረጴዛዬን ስሰበስብ ሽቅርቅሩ መጣ። ኮቱን አውልቋል፣ የሸሚዙ እጅጌ ተሰብስቧል፣ ዓይኑ ቀልቷል። በሩን ዘጋ። ከእኔ ፊት ያለችውን ዝቅ ያለች ወንበር፣ ያኔ ሳስተምረው ይቀመጥባት የነበረችውን ስቦ ተቀመጠ።

"እታለም" አለኝ። በቢሮ እታለም ብሎኝ አያውቅም። "አንድ ጊዜ ይዩልኝ። ሰኞ ለዋናው ላቀርበው ነው። የሆነ ነገር የቀረ ይመስለኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አልመጣልኝም።"

ወረቀቶቹን ዘረጋልኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁ። ጥሩ ሠርቷል። ይህን መካድ አልችልም፤ እኔ ያስተማርኩትን መንገድ አንድም ሳይስት ሄዶበታል። የመርከቡ ልክ ነው። መድኑ ልክ ነው። የመለዋወጫውን እንኳ አልረሳም። ቀረጡ ጋ ደረስኩ። "አራት ሰው" ይላል። ጣቴን እዚያ ላይ አሳረፍኩ።

እሱ ጣቴን ያይ ነበር። "እዚያ ጋ ምን አለ?"

የምናገርበት ጊዜ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አንገቱን አየሁት፤ የሸሚዙ አንገት ውስጡ ላይ ትንሽ ተበልቷል። ከሩቅ አይታይም። እህቴ መስፋት አትችልም፤ እኔ ነበርኩ የምሰፋላት።

"ምንም" አልኩት። "አጻጻፍህ ነው፣ ቁጥሩን ትንሽ አጉላው።"

"ሌላ የቀረ ነገር የለም?"

"የለም። ጥሩ ነው።"

ትንፋሹን ለቀቀ። "እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ጥሩ ነው ካሉኝ ጥሩ ነው" አለና ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ቤት ገባሁ፣ ከእናቴ ጋር እራት በላሁ። "ምነው፣ ዛሬ ፊትሽ በርቷል" አለችኝ። እንቅልፍ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርግ አድርጎ ወሰደኝ፤ ይህችን የመጨረሻዋን የጻፍኩት በማግስቱ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ

ሳምንት አለፈ፤ ማስተዋወቂያው ዛሬ ነበር። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፣ መብራቱ ሁሉ ቀይዋ ላይ ነው። ሽቅርቅሩ መድረክ ላይ ወጣ። እህቴ ፊት ለፊት፣ ሆዷ ላይ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣለች። እኔ ከሷ አጠገብ።

ስለ ሞተሩ ተናገረ፣ ስለ ፍጥነቷ ተናገረ። ከዚያ ዋጋው ከበስተጀርባው ግድግዳ ላይ በራ፤ ስድስት ሚሊዮን። ሰው መጀመሪያ ዓይኑን ያመነ አልመሰለም፤ ከዚያ ጭብጨባው ወረደ። ጋዜጠኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የገመተው ሁሉ ከላይ ነበር የገመተው። እኔም አጨበጨብኩ። መዳፌ እስኪግል ድረስ ነው ያጨበጨብኩት።

ጭብጨባው ሲበርድ እጁን አነሳ። "አንድ ሰው ሳላመሰግን ከዚህ አልወርድም" አለ። "እኔ ይህን ሥራ ሳላውቅ ያስተማረችኝ፣ ዋጋ ገዢው በልቡ ይዞት የሚመጣው ቁጥር ነው ያለችኝ ሰው እዚህ ተቀምጣለች። ትነሳልኝ።"

እህቴ ክንዴን ገፋችኝ። ተነሳሁ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አጨበጨበልኝ። ዋናው ራሱን ነቀነቀልኝ። ጫማዬ ጠቦኝ ነበር፣ ቶሎ ተቀመጥኩ።

አሁን ነው የሚናገረው? አሁን? እስካሁን የት ነበር?

እሁድ

ውል መፈረም የሚጀመረው ነገ ነው። ስለዚህ ዛሬ ገና ጊዜ አለ። ዋጋ በስህተት ተነገረ ተብሎ ቢታረም አንድ ቀን ይወራል፣ ጋዜጣ ይስቃል፣ ያልፋል። ከተፈረመ ግን አያልፍም።

ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ራሱ ጮኸ። እህቴ ናት።

"እታለም፣ ስምሽን ሊጠራ እንደነበር ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። ቤት ገብተን አለቀስኩ። 'ድሮ ማድረግ ነበረብኝ፣ አፍሬ ነው የቆየሁት' አለኝ። ደስ አላለሽም?"

"ደስ ብሎኛል።"

"እሱ ደግሞ እስካሁን ተኝቷል። ወር ሙሉ እንዲህ ተኝቶ አያውቅም። ልቀስቅሰው?"

"ተዪው፣ ይተኛ" አልኳት።

ይተኛ።

ሰኞ

ሽያጭ ክፍሉ ገበያ መስሏል። ሰው ተሰልፎ ይፈርማል። አንዱ ለሚስቱ፣ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ወንድሙ ስለገዛ። ዋናው ሽቅርቅሩን ትከሻውን አቅፎት በመሃላቸው ይዞራል። መጻፍ አልችልም፣ ይጠሩኛል።

ማክሰኞ

ብዙ ጊዜ አልጻፍኩም። የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ ጥበቃ ብቻ። ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ ይውላል። እህቴ የሕፃን ልብስ ላሳይሽ ብላ ሁለቴ ጠራችኝ፣ ሥራ በዛብኝ አልኳት።

ዛሬ ጭነቱ ደረሰ። ጉምሩክ ቀረጡን አሳወቀ። የዋናው ድምፅ ከሁለተኛ ፎቅ እስከ መጋዘን ተሰማ። "የሁለት ሰው? ማነው የሁለት ሰው ያለው? አንተ አይደለህም እንዴ አራት ብለህ የፈረምከው?"

የሽቅርቅሩን መልስ አልሰማሁም።

ይህችን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቤ አይቻታለሁ። በሐሳቤ ውስጥ እኔ እንደ ንግሥት ተደላድዬ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ እጄን በሙቅ ውሃ ስታጠብ ቆየሁ። ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።

ረቡዕ

ትራንዚተሩ በኮሪደሩ ሲመጣ አየሁት፣ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ። ክብሪቱን ከአፉ አወጣ።

"የኔ እመቤት፣ እኔ ነግሬሽ አልነበረም እንዴ?"

"ረሳሁት" አልኩት።

ክብሪቱን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ። "ሰው ይረሳል" አለና ወደ ሽቅርቅሩ ቢሮ ገባ። በሩ ተዘጋ። ብዙ ቆዩ። አሁን ያልቃል አልኩ። አሁን ወጥቶ በሰው ፊት ስሜን ይጠራል፣ በዚህኛው ግን ማንም አያጨበጭብም። መልሴን አዘጋጀሁ፤ "ወረቀቱን የፈረምከው አንተ" እለዋለሁ፣ "ወንበሩን የወሰድከው አንተ፣ ኃላፊነቱም ያንተ" እለዋለሁ። ጥሩ መልስ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሽቅርቅሩ በአጠገቤ አለፈ። አየኝና ወደ ዋናው ወጣ።

ዓርብ

ተባረረ። ቤቱንም ይለቃል። የዋናው ጸሐፊ እንደነገረችኝ ዋናው፣ "ከአንተ ሌላ ያየው ሰው አለ?" ብሎ ጠይቆት ነበር። "የለም" አለ። "እኔ ነኝ ያላየሁት። ግምቱ የእኔ ነው።"

ለምን እንዲህ ይላል? ማን ለምኖት? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢጮህብኝ እኔም እጮህ ነበር፤ እነዚህን ዓመታት ሁሉ የያዝኩትን እዚያው እዘረግፍለት ነበር። አፌ ውስጥ ያዘጋጀሁትን መልስ ይዤ ቀረሁ።

ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ጠረጴዛዬ ጋ ደረሰ። "ደህና ይዋሉ" አለኝ። ጫማው አልተወለወለም።

ሰኞ

ዋናው ጠርቶኝ ቦታውን ሰጠኝ። "ከመጀመሪያውም ላንቺ ነበር ያሰብኩት" አለኝ። "እሱንም አማክሬው ነበር እኮ፤ እሷ ናት የሚገባት ብሎኝ ነበር። በኋላ ነው መጥቶ እኔ እፈልጋለሁ ያለው።"

የቀረውን አልሰማሁም። እሷ ናት የሚገባት ብሎኝ ነበር። ለምን በኋላ ተለወጠ? ወንበሩ ለእኔ ከፍ ይላል፣ እግሬ መሬት በደንብ አይረግጥም። ዝቅ የሚያደርገውን ብረት አላገኘሁትም።

ምሽት

እናቴን ጠየቅኳት። ለምን እሷን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ሽንኩርት ስትልጥ ነበር፣ እጇ አላቆመም።

"መጥቶ ነገረኝ" አለች። "እናቴ፣ ቦታው ለእታለም ይገባል፣ ለዋናውም ይህንኑ ነግሬዋለሁ አለኝ። እኔ ነኝ ውሰድ ያልኩት። አንቺ አንድ ራስሽ ነሽ። እሱ ሚስት አግብቷል፣ ቤት ያስፈልገዋል፣ ልጅ ይመጣል። ለቤተሰቡ የሚበጀውን ነው ያየሁት። እንዳትነግራትም አልኩት።"

"ቤተሰቡ እኔን አይጨምርም?"

"አንቺማ ትችያለሽ።" ሽንኩርቱን አስቀመጠች። "አንቺ ሁሌም ትችያለሽ።"

እራት አቀረብኩላት። ሰሃኗን አነሳሁ፣ መድኃኒቷን ሰጠኋት። እናቴ ናት። ምን አደርጋታለሁ? የማኖርበት ቦታ የሌለው ነገር ይዤ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሐሙስ

እህቴና ባሏ ቤቱን ለቀቁ። ከጎሚስታ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተዋል። እናቴ ልብሷን ሰብስባ አብራቸው ሄደች፣ የእህቴ ቀን ስለደረሰ። እስክትጠና ብቻ ነው አለችኝ። ሻንጣዋ ግን ለጥቂት ቀን የሚሆን ሻንጣ አልነበረም።

ወደ ድርጅቱ ቤት መግባት የምችለው ከመጪው ወር ጀምሮ ነው። ሦስት መኝታ። አልገባበትም ማለት ነውር ነው፣ ሰው ምን ይላል?

ቅዳሜ

ወለደች። ሴት ናት፣ እንዳለችው።

ላለመሄድ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ጠባቡን ደረጃ ስወጣ እሱ ሊቀበለኝ ወረደ። ከታች የጎማ መዶሻ ይሰማል፣ የጎማ ሽታ ደረጃውን ሞልቶታል። አሁን ያገለገለ መኪና እያገናኘ ያሻሽጣል ይባላል። ከስቷል፤ እናቴ ከሳህብኝ ብላዋለች ማለት ነው።

ደረጃው መሃል ላይ መንገዱን ይዞ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ትራንዚተሩ ነግሮኛል" አለ። "እርስዎ የሚረሱ ሰው አይደሉም። እኔ ከርስዎ ጋር ዓመታት ተቀምጫለሁ።"

ያዘጋጀሁትን መልስ ትቼ ጠየቅኩት። "ታዲያ ለምን ለዋናው አልተናገርክም?"

"የሚስቴን እህት? ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት እንዴት ልገባ?" ወደ ላይ፣ ወደ በሩ አየ። "እሷ አታውቅም። አታውቅምም። ስለ ቦታው በልብዎ የያዙብኝ ነገር ነበር፣ አውቀዋለሁ። አሁን አለቀ። ከእንግዲህ አይነሳ።"

እናቴን አልጠቀሰም። አንድ ቃል ብቻ፣ እሳቸው ናቸው ውሰድ ያሉኝ ቢል ይበቃው ነበር። አላለም። እኔም እንደማውቅ አልነገርኩትም። ይቅርታ ጠይቄው ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ማረኝ አላልኩትም እኮ። ሳልጠይቀው ማረኝና ዕድሜዬን ሙሉ በእጁ አስገባኝ። ከዚህ በላይ ሊበቀለኝ አይችልም ነበር፤ እሱ ግን መበቀሉንም አላወቀ። ጠላሁት። ቦታዬን ከወሰደ ቀን ይልቅ ዛሬ ጠላሁት።

ከመንገዱ ዞር አለልኝ። ገባሁ።

እህቴ ትራስ ተደግፋ አልጋ ላይ ናት፣ ፊቷ አብጧል፣ ዓይኗ ይስቃል። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ታጥፋለች፣ ቀና አላለችም።

"እታለም፣ መጣሽ? ነይ፣ አክስቷ ነይ" አለችኝ እህቴ። "ያዢያት። አይዞሽ፣ አትሰበርም። በዚህ ሁሉ መሃል አንቺ ባትኖሪልን ምን ይውጠን ነበር?"

ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሕፃኗ ትሞቃለች፣ ከጠበቅኩት በላይ ትሞቃለች። አፏን ከፍታ ዘጋችው። ግንባሯ ላይ ያለችው ትንሽ መስመር የእኔ ናት፤ እናቴም፣ አባቴም የላቸውም፣ ከየት እንዳመጣኋት ሳይታወቅ የቆየች መስመር ናት።

"አንቺን እኮ ነው የምትመስለው" አለች እህቴ። ከዚያ ዝቅ ብላ አየችኝ። "ምነው፣ ታለቅሻለሽ?"

"ደስ ብሎኝ ነው" አልኳት።

እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እህቴ ወደ እሱ ዞራ አየችው፣ የሆነ ነገር እንደምትጠይቀው ዓይነት።

"አዎ" አላት። "ደስ ብሏቸው ነው።"